ጠዋት ቁጢጥ ብላ የምትገኝ መኪና

ይህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆችና ስለ ጓዳ የምንጨዋወትበት መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። እኛ መኪና የለንም፤ እኔም መንዳት አልችልም። ሆኖም አንዲት መኪና የሁለት ሰዎችን ቤት ለሦስት ቀን እንዴት እንዳመሰች፣ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም ከሥሯ ለጥቂት እንደተረፈ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ባካፍላችሁ፣ ከመካከላችሁ የቆየች የድሎት መኪና ያለው ቢኖር ይጠቅመዋል። የሌለውም ዘመድ አያጣም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በሠርግ ሰሞን ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከነባለቤታቸው ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ታቦር እኛ ቤት መጡ። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። የእኅታቸው ልጅ እሑድ ነፋስ መውጫ ላይ ልትዳር ነበር፤ የሙሽራዋ መኪናም የጋሼ ጥቁር መኪና እንድትሆን ከወራት በፊት ቃል ተገብቷል። የመኪናዋን ስም አልጠራም። ሲሠሯት የባለጠጋ መኪና ነበረች፤ ጋሼ እጅ ስትገባ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏታል።

ሐሙስ ማታ ገና በራችን ላይ እንደቆሙ ድምፁን ሰማሁት። ከወደ ፊት በኩል፣ የእህል ወፍጮ ከሩቅ ሲሰማ ዓይነት፣ ግርርር የሚል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጥቂት ቆይቶ ነው ዝም ያለው። እትዬ ወርደው ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ “ይኸውልሽ፣ ዓባይን ተሻግረን ደጀን ከወጣን ጀምሮ እንዲህ ትጮኻለች። ብነግራቸው መዝሙሩን ከፍ አደረጉት” አሉኝ። ጋሼ ሣቁ። “ያረጀ ሁሉ ያንጎራጉራል” አሉ። እትዬ አልሣቁም።

ዓርብ ጠዋት ስንወጣ መኪናዋ በቀኝ የፊት እግሯ ተንበርክካለች። በዚያ በኩል ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ከላይ ጣት የሚያስገባ ቦታ አልቀረም። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ ወፍጮው ጮኸ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ጮኾ ቀስ እያለች ተነሣች። “አየሽ፣ ተነሣች!” አሏቸው ለእትዬ። እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ “መነሣቷንስ አየሁ፤ ማነው ያስቀመጣት?” አሉ።

እስካሁን ድረስ ከዚህ የተሻለ የመካኒክ ጥያቄ አልሰማሁም። ጥያቄውን ግን የመለሰ አልነበረም፤ ምክንያቱም በመንገዳቸው ላይ ካለች አንዲት ከተማ ጋራዥ ገብተው፣ “ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል፤ ይቀየር” ተብለዋል። ዋጋውን ለእኔ ሲነግሩኝ እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ደግሞ “ከሠርጉ በኋላ ይታሰብበታል” ብለው ዘግተውታል። አንደኛቸው ዛሬውኑ ይሠራ፣ ሌላኛቸው ምንም አልሆነም፤ ቁርስ ላይ የተጀመረው ምሳ ላይም አላለቀም። ባለቤቴ መጋቢ ነውና ስንቱን ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ኖሯል፤ የዚያን ቀን ግን ታላቅ ወንድሙን ደፍሮ ለመናገር አቅቶት ዝም ብሎ እንጀራውን ሲጠቀልል አየሁት።

እስቲ መኪናዋ ምን እንደሆነች ላስረዳ። አብዛኛው መኪና የተቀመጠው በብረት ሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ነው። የጋሼ መኪና ግን በሞላው ቦታ በየጎማው ላይ ከላስቲክ የተሠራ ከረጢት አላት፤ በውስጡ ከጎማ አየር የበረታ የታመቀ አየር አለ። ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ እንደ ትራስ የምትሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ብቅ ያለው መርሴዲስ ኤስ ክላስና እ.ኤ.አ. በ1994 የመጣው ሁለተኛው ሬንጅ ሮቨር በአራቱም ጎማ እንዲህ ናቸው። ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ከኋላ ብቻ አለው። አንዳንድ ፕራዶዎችም እንዲሁ ከኋላ የአየር ከረጢት አላቸው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት የሚነዳም አለ።

አየሩን የሚሞላው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ጎሚስታ ቤት ከምናየው ትልቁ ጋር ሥራቸው አንድ ነው። አየሩን በማጣሪያ ይስባል፣ በፒስተን ያምቃል፣ እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ውስጥ አሳልፎ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ወደ ከረጢቶቹ ይልካል። በየጎማው አጠገብ የከፍታ ጠቋሚ አለ። አንዱ ማዕዘን ዝቅ ሲል ጠቋሚው ለመኪናዋ ኮምፒውተር ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ኮምፕሬሰሩን ያስነሣዋል። እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ በራሱ ፈቃድ አይጮኽም ማለት ነው። ታዝዞ ነው የሚጮኸው።

ለደብረ ታቦር ሰው ይህን በወናፍ ማስረዳት ይቀላል። አንጥረኛ ወናፉ የተቀደደበት እንደሆነ ክንዱ እስኪዝል ያናፋል እንጂ እሳቱ አይነድም። ደግሞም ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ የቅዱስ ክሪሾና ተልእኮ ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያ ወንጌላውያን ለዐፄ ቴዎድሮስ ብረት ሲያቀልጡ ኖረዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ መጥተው መድፍ ሠሪ ሆኑ፤ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል የእነርሱ ሥራ ነው። ከመካከላቸው ቴዎፊል ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አቆይቶልናል። ስለ ነፋስና ስለ እሳት ከዚህች ከተማ የተሻለ ማን ያውቃል ብዬ ልፎክር ነበር፤ ግን ወደ መኪናዋ ልመለስ።

በእኛ አገር ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሌላ ሸክም አለበት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳር አገር ካለው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ሦስት ጊዜ ስቦ የሚያገኘውን አየር፣ እኛ ጋ አራት ጊዜ መሳብ አለበት። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው አየር ስድሳ በመቶ አካባቢ ነው። ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ በጉና ሥር፣ በክምር ድንጋይ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ጠቅላላ ጉዞው በስስ አየር ውስጥ ነው። የዓባይን ሸለቆ ወጥተው ደጀን ሲደርሱ እትዬ ድምፁን መስማታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሸለቆው ግርጌ እስከ ደጀን ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ የደከመ ኮምፕሬሰር በቆላ የሚደብቀውን ድካሙን ደጋ ላይ ያወጣዋል።

ብርዱም አለ። የጥር ሌሊት እዚህ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ቀን ተገጥሞ የዋለው ስንጥቅ ሌሊት አፉን ይከፍታል። አየርም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጤነኛ መኪና እንኳ ጠዋት ትንሽ ዝቅ ብላ ብትገኝ አያስገርምም። “ትንሽ” ማለት ግን በአራቱም በኩል እኩል፣ ከአንድ ጣት ያልበለጠ ነው። የጋሼ መኪና ግን በአንድ እግሯ ብቻ ነው የተንበረከከችው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር አንድ መምህራችን “ጥቅሱን ከዐውዱ አትነጥሉት፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አንብቡ” ማለት ያበዙ ነበር። ዓርብ ማታ ይህ ትዝ አለኝ። ሁላችንም የምንከራከረው ስለ ጩኸቱ ነው፤ ጩኸቱ መቼ ይጀምራል፣ ከእሱ በፊት ምን ሆኖ ነበር ያለ የለም። የልብስ ስፌት ሜትሬን አውጥቼ ከእትዬ ጋር በባትሪ መብራት ወጣን። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ እንድትቆም ባለቤቴን አስገፋሁት፤ ከቆመች በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አንዳንድ መኪና ቆማም ራሷን ስለምታስተካክል ነው። ከዚያ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክተን በሴቶች ኅብረት ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ሳይነሡ፣ ደግመን ለካን። ሦስቱ ማዕዘኖች አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልወረዱም። የፊት ቀኙ ሰባት ወርዷል።

እንዲህ ያለ ልኬት ብዙ ይናገራል። አንድ ማዕዘን ብቻ ከወረደ፣ የዚያ ማዕዘን ከረጢት ወይም ቱቦው ነው የሚያስተነፍሰው። የፊቶቹ ሁለቱ ወይም አራቱም አንድ ላይ ከወረዱ አየሩን የሚያከፋፍሉት ቫልቮች ይጠረጠራሉ። ምንም ሳትወርድ ኮምፕሬሰሩ ከጮኸ ደግሞ ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩን ራሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም፤ ደብተሩን ይዤ ታች ሠፈር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ስሄድ የነገረኝ እሱ ነው።

ጎሚስታው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። የድሎት መኪና ነክቶ አያውቅም፤ የካላማዳሪያ ቀዳዳና የከባድ መኪና አየር ፍሬን ግን ሲፈልግ ነው ያደገው። ደብተሬን አይቶ፣ “እንግዲህ ይህ ጎማ መፈለግ ነው” አለ። በጣሳ የኦሞ አረፋ በጥብጦ፣ አሮጌ የቀለም ብሩሽ ይዞ መጣ። ጋሼ በረንዳ ላይ ቆመው፣ “የአየር ከረጢት በኦሞ ይታከማል እንዴ?” አሉ። እሱም “አይታከምም ጋሼ፤ ይናገራል እንጂ” አላቸው።

አስደንጋጩ ነገር የሆነው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ሞተር አስነሥተው መኪናዋ ከፍ እንዳለች፣ የእኅቴ ልጅ ለመርዳት ብሎ ጣሳውን ይዞ እስከ ደረቱ ከሥሯ ገባ። ጎሚስታው ባየው ጊዜ በሁለት እግሩ ይዞ ጎትቶ አወጣው፤ የልጁ ሸሚዝ ከኋላው ተቀደደ። እኔ ጭካኔ መስሎኝ ልቆጣ ነበር። “ይህች የቆመችው በአየር ላይ ነው። ቧንቧው ቢያመልጥ በአንድ ጊዜ ነው የምትቀመጠው” አለን። ከዚያ በክሪክ አንሥቶ፣ ጠንካራውን የአካሏን ብረት ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ አሳረፈ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከውስጥ ጭስስስ የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናዋ በጉማጁ ላይ ሲጥ ብላ ተቀመጠች። ጉማጁ ባይኖር ከመሬት ጋር የሚቀረው ቦታ ስንዝር አይሞላም። እትዬ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እባካችሁ፣ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በአየር የቆመች መኪና ሥር በክሪክ ብቻም ቢሆን አይገባም። ክሪክ ከመግባቱ በፊትም የአየር ሥርዓቱ ፊውዝ ይነቀል፤ ወይም መኪናዋ ማጥፊያ ካላት ይጠፋ። አለዚያ ኮምፒውተሩ ከፍታው የተዛባ መስሎት አየሩን በራሱ ሊለቀው ይችላል።

አረፋው ግን ከዚያ በፊት ተናግሮ ነበር። ጎሚስታው ቱቦው የሚገባበትን ቀባ፤ ዝም። የከረጢቱን ላይኛ ቀባ፤ ዝም። የታችኛውን እጥፋት፣ ላስቲኩ ሲወጣና ሲገባ የሚታጠፍበትን ሲቀባ እንደ ሽሮ ተንተከተከ። ጣቱን ወደዚያ ቀስሮ፣ “ይኸው፣ ነፋስ መውጫ እዚሁ ደርሳችኋል” አለ። የሣቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ ከመጡ ጀምሮ ከልባቸው ሲሥቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከረጢት እንደ ካላማዳሪያ አይለጠፍም፤ የሚታጠፍ ላስቲክ ላይ ልጣፍ አይቆይም። ሠርጉ በማግስቱ ነው፤ ዕቃው ያለው አዲስ አበባ ነው። ጋሼ እያስነሡ ልሂድ አሉ። ጎሚስታው፣ “ኮምፕሬሰሩ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ክምር ድንጋይ ሽቅብ ላይ ቢያጠፋ ሙሽራይቱ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትደርሰው፤ ጎማውም ይፈገፈጋል” አላቸው። ባለቤቴ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። “ጋሼ፣ ለሙሽራዋ የጎረቤታችንን ፒካፕ እለምናለሁ፤ እኛ በሚኒባስ እንሄዳለን” አለ። ጋሼ ከእትዬ አጠገብ ሚኒባስ ውስጥ ሲሳፈሩ ምን እንደተሰማቸው እሳቸው ያውቃሉ። ዳቦ ቆሎውን ግን እየተካፈሉ ነው የሄዱት።

ከሳምንት በኋላ ከረጢቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከ። ሁለት ነው ያስላኩት፤ የግራውም እኩያው ነውና ብዙ አይቆይም ተብለው ነው። ከተገጠመ በኋላ መኪናዋ ጠዋት ቆማ ተገኘች። ጩኸቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ጨርሶ አልተሳሳተም። ኮምፕሬሰሩ ለወራት ያለ ዕረፍት ሲሞላ ኖሮ የፒስተኑ ቀለበት ተበልቷል። ማድረቂያው ሲከፈት እርጥበት የሚመጡት ፍሬዎች ደቅቀው ዱቄት ሆነዋል፤ የተሸከመው የላስቲክ እግሩም ተበጥሶ ሰውነቱ ከብረቱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። የወፍጮው ድምፅ ግማሹ ይኸው ነው። ቀለበቱ፣ ፍሬዎቹና እግሩ ተቀይረው ዳነ፤ አዲስ አልተገዛም። ከረጢቱ ሳይቀየር አዲስ ኮምፕሬሰር ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ አዲሱም በዚያው ቀዳዳ ሲያናፋ ይሞት ነበር። በሴቶች ኅብረት ውስጥ ስንቷን ሚስት “ጯኺ ናት” ሲሏት ሰምቼ እኔም አብሬ ምከሪ የተባልኩትን ሳስብ፣ የእትዬ ጥያቄ ከልቤ አልወጣልኝም።

ስለ ድምፆቹ ጥቂት ልጨምር። ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንዶች፣ ብዙ ከተጫነም ለደቂቃ ያህል ዝግ ያለ እምምም ማለቱ የጤና ነው። ከቆመች በኋላ አንዴ እፍ የሚል ትንፋሽም ትርፍ አየር ስትለቅ ነው፤ አትደንግጡ። አካሏን ሁሉ የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ከሆነ የላስቲክ እግሩን እዩ፤ ርካሹ ጥገና እሱ ነው። ብረት ከብረት የሚፋጭ ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ቁልፉ ወጥቶ እንኳ የማያቆም ከሆነ ሪሌው ተጣብቋልና ሳይውል ሳያድር ይቀየር፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያቃጥላል። የምፈራው ግን ሲጮኽ ኖሮ በድንገት ዝም ያለውን ነው።

“ይህን ሁሉ ከምንሰቃይ የብረት ሞላ ብናስገባስ?” የሚሉ አሉ። ለብዙ መኪና ይገኛል፤ በእኛ መንገድ ደግሞ ነውር የለበትም ባይ ነኝ። ብቻ በአንድ ጎን አይደረግም፤ የፊት ከሆነ ሁለቱም ፊት። ድሎቷ ይቀራል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ባለሙያ ካላጠፋው በቀር ይበራል። ጋሼ ለዚህ እሺ አላሉም። ለነገሩ አሁንማ የቆየችን መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ያለችው መኪና ምትኳ ሩቅ ነው።

ባለፈው እትዬ ስልክ ደውለውልኝ ነበር። ጋሼ ቅዳሜ ማታ፣ እሳቸው እሑድ ጠዋት ከአምልኮ በፊት ይለካሉ አሉኝ። ሰሞኑን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ተከራክረዋል፤ ጋሼ “ብርድ ነው” ይላሉ፣ እትዬ ኦሞ በጥብጠዋል። ሜትሬን ያን ጊዜ ይዘውብኝ እንደሄዱ ናቸው፤ አሁንም ስጠይቃቸው “እንልክልሻለን” ነው መልሳቸው።